የተገለበጠው ዘንግ

ሰቦቃን ከቡና መፈልፈያው ቺንጋ ሲያላቅቁት ሚስቱ ሻሽቱ በፊቱ አላወቀችውም፤ በእግሩ ጣቶች ነው ያወቀችው። የሚሽከረከረው የቆዳ ቺንጋ ጋቢውን ጠቅልሎ፣ ሰውየውን ከወለል እያነሳ ከትልቁ መዘውር ጋር ሲያላትመው፣ አንገቱ ተሰብሮ ፊቱ ተፈጭቶ ነበር። ደሙ እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ተረጭቷል። ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የመቱ ከተማ ብዙ ሬሳ ቀብራለች፤ እንዲህ ያለ ግን አላየችም።

የፖሊስ መቶ አለቃ በዳሳ ከጎሬ ተጠርቶ ሲደርስ፣ መፈልፈያው ደጅ ላይ ሁለተኛ ሬሳ ሊወድቅ ነበር። የሟቹ ወንድም ዶሪ አንድ ወጣት መሬት ላይ ጥሎ ክንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ሰብሮታል። ስለቱን ሊያዞር ሲል በዳሳ ሽጉጡን ወደ ሰማይ ተኮሰ።

«ይህ ነው የገደለው!» አለ ዶሪ አረፋ እየደፈቀ። «በሱ ዘንግ ነው ወንድሜ የሞተው!»

«ከሆነ ሕግ አለው። መጥረቢያህን አውርድ።»

«እስከ ነገ ቀትር እታገሣለሁ። ከዚያ ወዲያ ባትሰጡኝም እወስደዋለሁ!»

ወጣቱ ደርበው ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የሥራ አሠራር አጥኚ ነው። ሰው እንዴት እንደሚያጎነብስ፣ ጆንያ በየት በኩል እንደሚያነሳ፣ ወገቡን የት ላይ እንደሚያመው የኪስ ሰዓት ይዞ ሲያይ ስለሚውል ሠራተኞቹ «ባለ ሰዓቱ» ይሉታል፤ ስናስነጥስም ይለካናል እያሉ ሲስቁበት ከርመዋል። ያን ቀን የሚስቅ አልነበረም። ፖሊስ ጣቢያ አስገብተው ክንዱን በነጠላ ቅዳጅ አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥሉለት፣ በዳሳ ገና አፉን ሳይከፍት ተናገረ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ጌታዬ።»

«በምን?»

«በዘንጉ። ሞተሩ ጓሮ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይዞራል፤ ቺንጋውን ከመፈልፈያው ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ዘንጉ ነው። ድሮ ሲጎትቱት ያስነሳል፣ ሲገፉት ያቆማል። እኔ ገለበጥኩት። አሁን ሲገፉት ያስነሳል፣ ሲጎትቱት ያቆማል።»

«ምን ቆርጦህ?»

«ሰው ሲደነግጥ ወደ ኋላ ነው የሚሸሸው፣ የያዘውንም ይዞ። በዚያ ሰዓት ወደ ፊት ግፋ ቢሉት አይሆንለትም። ጋሽ ኦላና ሁለት ጣታቸው የተቆረጠው እንዲያ ነው።» ደርበው በደህና እጁ ዓይኑን ጠረገ። «ልማድን ረሳሁ። ሰቦቃ ሊያቆመው ፈልጎ እንደ ድሮው ገፋው፤ አስነሳበት። ሁሉም የሚለው ይህን ነው። እውነታቸውን ነው።»

በዳሳ የዚያው የኢሉባቦር፣ የኖጳ ልጅ ነው፤ ቁጡም ነው። የሚዋሽ ወንጀለኛ ስለለመደ፣ ራሱን በገዛ አፉ ለገመድ የሚያቀርብ ልጅ ሲያይ ንድድ አለው። «ዝም በል አሁን» ብሎት ወጣ። ነገ ቀትር ላይ ይህን ልጅ ለመጥረቢያ መስጠት አይችልም፤ ዝም ብሎ ቢለቀውም መንገድ ላይ ይጨርሱታል።

የመፈልፈያው ባለቤት ወይዘሮ ዘውደነሽ ወገባቸውን ይዘው ነበር የጠበቁት።

«እትዬ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ! ከሱ ያልተጣላ ማን አለ? ሰው ወደ ቺንጋው በተጠጋ ቁጥር ማሽኑን ያቆምብኛል። ጋቢ የለበሰውን ሁሉ በር ላይ ያስወልቃል፤ የራሱን ሳይቀር ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ‹አንተን ራስህን ነው እዚህ የምከትህ› ብዬዋለሁ፣ በሰው ፊት። ታዲያ ብዬ ከተትኩት?»

«ለማሽኑ ሥራ ማን ነው ያመጣው?»

«ይኸው ባለ ሰዓቱ! ዘንጉን እንደገለበጠ፣ ኦላናን ከማሽኑ አንስተን ጆንያ ክፍል እናድርገው አለኝ። ጣት የጎደለው እጅ ቶሎ አይጨብጥም ብሎ። በቦታው ሰቦቃን ኡካ ከሚባለው ገጠር፣ ከእርሻ ላይ አመጣው። ማሽን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው!»

«ለጋሽ ኦላና ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኛ። ስንት ዓመት ያገለገለኝ ሰው፣ ‹እሺ እትዬ› ብሎ ሄደ።»

በዳሳ ከዚያ ወደ ሬሳው ሄደ። ሊገንዙት ሲሉ ጭንቅላቱን በእጁ ዳሰሰ። ፊቱን መዘውሩ ጨርሶታል። ከማጅራቱ በላይ ግን ጠባብና ጥልቅ ስብራት አለ፤ ያን መዘውር አልነካውም። ወደ መፈልፈያው ተመልሶ ወለሉን በጫማው እየገፋ ዞረ። ጆንያ ክፍሉ በር ላይ የቡና ገለባ ተቆልሏል። ወለሉ ማታ ማታ ይጠረጋል፤ ታዲያ ገና የቀኑ ሥራ ሳይጀመር ገለባ ከየት መጣ? በእጁ ጠረገው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ጠቁሮ ረጥቧል፤ ሲያሸተው ደም ደም ይላል። ጓሮ ደግሞ የሞተሩን ማስነሻ ማኑቬላ አገኘ። ሌላው ብረት ሁሉ በግራሶ ተለውሶ እያለ፣ ማኑቬላው ብቻ በአመድ ታሽቶ ነጽቷል።

ኦላና እጁን አጣምሮ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣት ከሥሩ የለም።

«ጋሽ ኦላና፣ መጀመሪያ የደረሱት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«አዎ ጌታዬ። በማለዳ ሞተሩን አስነስቼ ስገባ፣ ያ ዋቃ! ቺንጋው ይዞት ይደበድበዋል። በአንድ ዝላይ ዘንጉን ያዝኩና አቆምኩት። ሰውየው ግን አልቋል።»

«በአንድ ጊዜ አቆሙት?»

«በአንድ ጊዜ። ነፍሴ ከሥጋዬ ተለይታ ነበር፤ ለማሰብስ ፋታ የት አለ?»

«ዘንጉ ከተገለበጠ ወዲህ ይዘውት ያውቃሉ?»

«እኔ?» ኦላና ጎደሎ እጁን አየ። «ጣቴን የሰጠሁበት ማሽን ነው። ካነሱኝ ወዲህ በጣቴም አልነካሁት።»

ማታውን በዳሳ ለቅሶ ቤት ገባ። ሻሽቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳለች። ኦላና ሬሳውን ከተሸከሙት ዋነኛው ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያለቀሰም እሱ ነው። ንፍሮ ሲታደል ከሳህኑ ዘገነ፤ በዳሳ ዓይኑን ከእጁ ላይ አልነቀለም። ኦላና የዘገነውን አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ አቀበለ። ውሃ ሲመጣለትም ጠጣሁ ብሎ ለሌላው አሳለፈ። በኢሉባቦር ደም ያፈሰሰ ሰው በሽማግሌ ታርቆ የደም ካሳውን፣ ጉማ የሚሉትን፣ ሳይከፍል ከሟች ቤት እህል ውሃ አይቀምስም፤ ከቀመሰ ደሙ ይጥለዋል ይባላል። በዳሳም ያደገው ይህን እየሰማ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ሁሉንም መፈልፈያው ውስጥ ሰበሰበ፤ ዘውደነሽን፣ ኦላናን፣ ሻሽቱን፣ ዶሪንና ዘመዶቹን። ደርበው ክንዱን አንጠልጥሎ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆመ። ዶሪ መጥረቢያውን ደጅ እንዲተው ቢለመን እምቢ አለ። ማሽኑ ባዶውን እየጮኸ ይዞራል።

«ጋሽ ኦላና፣ ትናንት ሲገቡ የነበሩበት ይቁሙልኝ» አለ በዳሳ።

ኦላና ሄዶ ከዘንጉ እልፍ ብሎ ቆመ። በዚህ ጊዜ አንድ ፖሊስ በገለባ የተሞላ፣ ጋቢ የተጠቀለለበት ጆንያ ከጀርባ አምጥቶ ቺንጋው ላይ ወረወረ። ቺንጋው ጎረሰው። ጆንያው ተነስቶ መዘውሩን ሲመታ ሻሽቱ ጮኸች።

«ያዘው! አቁመው!» ሲል በዳሳ አምባረቀ።

ኦላና ዘለለ። ዘንጉን ጨበጠ፤ ገፋው። አልቆመም። በትከሻው ተደግፎ ደግሞ ገፋው፤ ጆንያው ተበጣጥሶ ገለባው እስኪበተን ድረስ ይገፋል። በዳሳ ከጎኑ ገብቶ ዘንጉን ጎተተ። ማሽኑ ቆመ።

«ጋሽ ኦላና» አለ በዳሳ በለሰለሰ ድምፅ፤ «ትናንት ሳላስብ በአንድ ጊዜ አቆምኩት ብለውኝ ነበር።»

«ደንግጬ ነው! ማንም ይደነግጣል!»

«አዎ፤ ዛሬ ደነገጡ። ሲደነግጡም እጅዎ ስንት ዓመት የለመደውን አደረገ፤ ገፋ። ትናንት ግን በአንድ ጊዜ ጎትተው አቆሙት፤ ረጋ ብለው አስበው ማለት ነው።» ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰቦቃ በድሮው ልማድ ገፍቶ ሞተ ብላችኋል። የትኛው ልማድ? ዘንጉ ሲገለበጥ ሰቦቃ ገና ኡካ እርሻው ላይ ነበር። የሚያውቀው አሁን ያለውን ብቻ ነው፤ መሳሳቱን ከየት ያመጣዋል?»

ዶሪ መጥረቢያውን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ።

«ጋቢውስ? ሰዉን ሁሉ በር ላይ ጋቢ የሚያስወልቅ ሰው፣ ራሱ ተከናንቦ ቺንጋ ሥር ይቆማል? ጋቢውን ከሚስማሩ አውርዶ ያለበሰው ገዳዩ ነው። ጆንያ ክፍሉ በር ላይ ከኋላው በማኑቬላ ማጅራቱን ብሎ ጣለው። ደሙን በገለባ ሸፈነ። ጎትቶ ቺንጋው ላይ አስያዘውና ዘንጉን ገፋ፤ ከዚያ ብረቱን በአመድ አጠበ። ሞተሩን በማለዳ በዚያ ማኑቬላ የሚያስነሳው ማን ነው፣ እትዬ?»

«ኦላና ነው» አሉ ዘውደነሽ።

«ማታ ደግሞ ለቅሶ ቤት ውሃ እንኳ አልቀመሱም፣ ጋሽ ኦላና። ዳኛ ፊት አላቀርበውም፤ እኔን ግን ወደ እርስዎ ያዞረኝ እሱ ነው።»

ኦላና ጎደሎ እጁን አነሳ።

«ጣቴን ይህ ማሽን በላው! ደሜን ጠርጌ በማግስቱ ተመልሼ ቆሜበታለሁ። ከዚያ አንድ ልጅ ሰዓት ይዞ መጣና፣ ጣት የለህም፣ ቦታህን ለገበሬ ልቀቅ አለኝ። አለኝ ነው የምለው? እሱስ መች አነጋገረኝ! በሴትዮዋ አስነገረብኝ። ሰቦቃን ስጥለው እሱም በዚያው እንዲጠፋ ነበር!»

ይህን እያለ ዘንጉን በክርኑ ገፍቶ በደርበው ላይ ተወረወረ። ፖሊሶቹ ሳይደርሱ አንገቱን አንቆ ወደ ቺንጋው ነዳው። ክንዱን የያዘውን የነጠላ ቅዳጅ ቺንጋው ጎረሰ። የተሰበረው አጥንት ሲንቋቋ ተሰማ፤ ደርበው እንደ በሬ አጓራ። በዳሳ ሽጉጥ ቢመዝም የሚተኩስበት ክፍት አላገኘም፤ ሁለቱ ተቃቅፈዋል። የደርበው ግንባር መዘውሩን ነክቶ ደም ፈነጠቀ።

ከዚያ ማሽኑ ቆመ።

በዳሳ በሽጉጡ ሰደፍ የኦላናን መንጋጋ ሰበረው፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ዶሪ መጥረቢያውን አንስቶ ሲሮጥ በዳሳ ደረቱን ሰጠው።

«እኔን አልፈህ ነው! ደሙን ሕግ ይጠይቃል፤ ጉማውን ሽማግሌ ይጨርሳል። ይኸው ትናንት የማይገባውን ክንድ ሰበርክ፤ አይበቃህም?»

ዶሪ ደርበውን አየ። ልጁ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ በደም ታጥቦ ይተነፍሳል። መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ።

ማሽኑን ማን እንዳቆመው ያኔ ነው ዞር ብለው ያዩት። ሻሽቱ ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ቆማለች።

«ምን አደረግሁ?» አለች። «ማሽን አላውቅም እኮ። ደሙን ሳይ ፈርቼ... አጠገቤ ያለውን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ እንጂ ምንም አላደረግሁም።»

ደርበው ቀና ብሎ አያት። ከታሰረበት ሰዓት ጀምሮ ሲታገለው የነበረው ዕንባ አሁን ከደሙ ጋር ወረደ።

«ለዚያ ነው የገለበጥኩት» አላት። «እንዲያ ለሚሸሽ ሰው።»

«ሰቦቃስ? ነቅቶ ቢሆን ኖሮ?»

«ያቆመው ነበር፣ እህቴ። ቀኑን ሙሉ ሰው ተጠጋ እያለ ሲያቆመው የሚውል እሱ ነበር።»

ሻሽቱ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች፤ ዘንጉን ግን አልለቀቀችም። ዶሪ ሄዶ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀላት፤ ከዚያ ተመልሶ ክንዱን የሰበረበትን ወጣት በብብቱ ደግፎ ከወለሉ አነሳው።