ችግርህ ተፈቷል

ሐጎስ በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ አሮጌ ኮምፒውተሮች በታጨቁበት መጋዘን ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። ሐኪሙ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው አለ።

ፋንቱ ስትጠራ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች ነበር። አዲስ አበባ አሥራ ስምንት ዓመት ወንጀል መርምራ፣ ሬሳ ማየት መረረኝ ብላ ነበር ዶሃ መጥታ በዩኒቨርሲቲው የጥበቃ ክፍል የተቀጠረችው። ከሥራው የሸሸ ሰው ሥራው ቀድሞት ይጠብቀዋል። ጫማዋን መልሳ አጠለቀችና ወረደች።

የፖሊሱ መኮንን ነገሩን ጨርሶታል። ሐጎስ የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ባለሙያ ነበር፤ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ያስቸገረው ሁሉ ጥያቄ ይልክለታል፣ እሱም ሲፈታው ጥያቄውን ይዘጋል። የመጨረሻውን ጥያቄ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ እንደዘጋ መዝገቡ ያሳያል። እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ባልደረቦቹ ግን አራት ሰዓት ላይ ለስብሰባ ወደ ሌላ ሕንጻ ሄደዋል። በሕንጻው የቀረው ጥበቃው ጉግሳ ብቻ ነው።

«እስከ አስር ሰዓት የፈለግሽውን ጠይቂ» አላት መኮንኑ። «ከዚያ እወስደዋለሁ።»

ጉግሳ ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«እትዬ ፋንቱ፣ እስሩን እችለዋለሁ» አለ። «ከሐጎስ ጋር አል አስማኽ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ኖረናል። ወንድሙ ገብረመድህን ከከተማ ወጣ ብሎ ኡም ሰላል መሐመድ የሰው ቤት ሾፌር ነው። ወንድምህን የገደለው ጉግሳ ነው ብለው ሊያረዱት ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ማን ወጣ?»

«አዲስ፣ የጽዳቷ፣ አዳሯን ጨርሳ ከሦስት ሰዓት በፊት ወጣች። ስልኳ የሥራ ሰዓቷን አልመዘግብ ብሏት ስትነጫነጭ ነበር። አራት ሰዓት ላይ አለቃውና ሳራ ወጡ። ኸላስ፣ ሌላ የለም።»

ሳራ የሐጎስ የሥራ ባልደረባ ናት። አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል።

«ጠያቂዎቻችን ተለወጡ» አለቻት። «ድሮ መምህራን ነበሩ። የሥራ ሰዓት በስልክ መመዝገብ ሲጀመር ግን ጽዳቱም፣ ጥበቃውም፣ ሾፌሩም ጠያቂ ሆነ። አለቃችን በሰው ፋንታ የሚመልስ ቻትቦት አስገቡ። እነሱ ግን መልሱ አይገባቸውም። ሐጎስ ይደውልላቸው ነበር። ጠያቂው ራሱ ‹ሠራልኝ› ሳይለው ጥያቄ አይዘጋም። ትናንትም አዲስን እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጠን ስልኳን ስናይላት ነው ያመሸነው።»

«ከአለቃው ጋርስ ይስማሙ ነበር?»

ሳራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያልዘጋቸው ጥያቄዎች በእሱ ስም ተዘግተው አገኘ። ዛሬ ለዲኑ ሊያሳይ ነበር።»

አለቃው አቶ ተክለ ሃይማኖት ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ፣ ሐዘናቸውም እንደ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ሰው ናቸው።

«ምስኪን፣ እስከ መጨረሻው ሥራ ላይ ነበር» አሉ። «ለአዲስ እንኳ በአማርኛ ጽፎለት ነው የዘጋው።»

«የትኛው አዲስ?»

«አንዱ ጽዳት ነው መሰለኝ። የእነሱን ስም ማን ይዞ ይዘልቀዋል፣ ወይዘሮ ፋንቱ?»

ፋንቱ መዝገቡን በራሷ ዓይን አንብባ፣ ለአዲስ ደወለች። የደወለልሽ ሰው አለ ወይ ስትላት፣ ማንም አልደወለም፣ ስልኩም አሁንም አይሠራም አለቻት።

አስር ሰዓት ሲሆን ሁሉም በድጋፍ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ፋንቱ መቆም ስለደከማት ተቀምጣ ነው የጀመረችው።

«እናንተ ያነበባችሁት ለአዲስ የተጻፈውን የመጨረሻ መልስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው» አለችው መኮንኑን። «ችግሩ ተፈቷል ይላል፤ ለወንድ ይሁን ለሴት አይለይም። አማርኛው ግን ‹ሰላም አዲስ፣ ችግርህ ተፈቷል› ነው የሚለው። ለወንድ የተጻፈ ነው። አዲስ ግን ሴት ናት።»

መኮንኑ ወደ መዝገቡ ጎንበስ አለ።

«አዲስ የወንድም የሴትም ስም ነው። ስሙን ብቻ ያየ ይሳሳታል፣ ያናገራት አይሳሳትም። ሐጎስ ትናንት ስልኳን ይዞላት ነው ያመሸው። ደግሞም ሳይደውል አይዘጋም፤ አልደወለላትም። ስለዚህ ይህን የጻፈው ሐጎስ አይደለም። እሱ ካልጻፈው ደግሞ አራት ከሃያ ላይ በሕይወት እንደነበር ምንም ማስረጃ የለም። ከአራት ሰዓት በፊት ሞቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሦስታችሁም ሕንጻው ውስጥ ነበራችሁ።»

«እና እኔ ነኝ?» አለች ሳራ።

«አንቺ ትናንት አጠገቧ ነበርሽ። ጉግሳ በየቀኑ በሩ ላይ ያያታል። ሁለታችሁም ‹ስልኳ› ነው ያላችሁኝ። ‹ጽፎለት› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አቶ ተክለ ሃይማኖት ለመሳቅ ሞከሩ። «የአፍ ወለምታ ነው!»

«እሱማ በቅቤ አይታሽም፣ ጌታዬ። በሠራተኛ ስም ገብቶ ጥያቄ መዝጋት የሚችለው አለቃ ብቻ ነው። በሕይወት ያለ እንዲመስል ከስብሰባው ሳይነሱ በስልክዎ ዘጉት። ስልክዎን ለመኮንኑ ይስጡት።»

ሰውየው እጃቸውን ኪሳቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«ነገ እንነጋገር አልኩት፣ እምቢ አለ» አሉ። «ጥያቄዎቹ ካልተዘጉ ቻትቦቱ አልሠራም ሊባል ነው። እሱ አልሠራም ማለት እኔ አልሠራሁም ማለት ነው።» ሐጎስ ዲኑ ጋ ሊሄድ ፊቱን ሲያዞር ከመጋዘኑ መደርደሪያ ከባድ አሮጌ ባትሪ አንስተው መቱት። ለመኮንኑ ይህን ለመተርጎም ፋንቱ ብዙ ቃል አላስፈለጋትም።

ሲወስዷቸው ጉግሳ የጥበቃ ኮቱን አወለቀ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ገብረመድህን ጋ። መርዶ በስልክ አይነገርም።»

ፋንቱ መኪናዋን አስነሳችለትና እስከ ኡም ሰላል መሐመድ ነዳች። ገብረመድህን ከቪላው ደጅ የአሠሪውን የባባን መኪና እያጠበ ነበር። ጉግሳን ሲያይ ሳቀ፤ ቀጥሎ ከኋላው ወንድሙን በዓይኑ ፈለገ።

«ሐጎስስ?»

ገብረመድህን የጓደኛውን ፊት አየ፣ የፋንቱንም አየ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ገዳይ ሲባል በዋለው ሰው አንገት ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ።