ጋቢ የማይችል እግር

ወዳጆቼ፣ እቤታችሁ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ «አቃጠለኝ» የሚል ሰው ኖሯችሁ ያውቃል? ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፣ ሐኪም አገላብጦ አይቶ «ምንም የለህም» ብሎ የሚመልሰው? ካልገጠማችሁ እግዚአብሔርን አመስግኑና ይህን ስሙኝ። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ዲላ ላይ የሆነ ነው።

አቶ ወልደዮሐንስ ቡና ነጋዴ ነበሩ። የይርጋጨፌ መንገድ ላይ መኪና ሲገለበጥ ቀኝ እግራቸው የቡና ጆንያ ስር ቀረ። አጥንቱ ገጠመ፣ ቆዳውም ዳነ፤ ሕመሙ ግን አልወጣም። ዝንብ ስታርፍበት እሳት፣ ጨርቅ ሲነካው ጩኸት ነው። ቡና የሚያቀብላቸው የወናጎው ገበሬ ይርጉ ቢያዝንላቸው ከቀርከሃ ቅስት ሠርቶ አመጣ። ማታ ማታ ቅስቱ እግራቸው ላይ ይደፋል፤ ጋቢው በላዩ ያልፋል እንጂ ቆዳቸውን አይነካም።

ያልሄዱበት ክሊኒክ የለም። ይርጋለም ሄዱ፣ ሻሸመኔ ሄዱ። አንዱ ቫይታሚን ሰጣቸው፤ ሌላው ሐሳብ እንዳያበዙ መክሮ ሸኛቸው። «ያምዎታል፣ አምንዎታለሁ» ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ መርፌ ወጊው ድሬሰር ሽብሩ። ገበያው አጠገብ ትንሽ ክሊኒክ ከፍቶ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። አቶ ወልደዮሐንስ ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀሱ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየመጣ መርፌ ወጋቸው። መርፌው ብዙም አላሻላቸውም፤ መታመናቸው ግን አሻላቸው። የመጨረሻ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳውም እሱ ነው። አበልጅ ሆኑ።

በሐምሌ ወር በአንዱ ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረጉና እዚያው ደፉ ላይ ቆመው ጮኹ። ጎረቤት ሲገባ አቶ ወልደዮሐንስ በጀርባቸው ተጋድመዋል። ሞተዋል። ጋቢያቸው ከአንገት እስከ ጣት ሸፍኗቸዋል፤ በርጩማው ላይ ባዶ የኪኒን ጠርሙስ አለ።

ወሬው ከፀሐይ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሕመሙ ቢያሸንፋቸው ኪኒኑን ሁሉ ዋጡት ተባለ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ውዳሴ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ መጡ፤ ግን ቁርጡን ተናገሩ።

«ልጄ ሸዋነሽ፣ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም። እውነቱ ሳይታወቅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር አላስቆፍርም።»

እንግዲህ አስቡት። ሬሳ አያድርም። ያለ ፍትሐት ከአጥር ውጭ የተቀበረ አባት ልጆች ነገ ከሰው መሀል እንዴት ይቆማሉ? ወይዘሮ ሸዋነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፖሊስ ጣቢያ ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ የመቶ አለቃ ገሪማን ይዘው ተመለሱ።

ገሪማ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሰው ሲያወራ ፊቱን ትተው እጁን ነው የሚያዩት። ክፍሉን ዞሩ። የቀርከሃው ቅስት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጋቢውን ጎንበስ ብለው አዩት፤ እንደተተኮሰ ጨርቅ ልሙጥ ነው። ከዚያ ሴትየዋን ለብቻ አስቀመጧቸው።

«ከበር ሆነው ነው የጮኹት አሉኝ። ሳይነኳቸው መሞታቸውን በምን አወቁ?»

«እግሩ ተሸፍኖ አየሁ።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይበቃ የለም እንዴ፣ ጌታዬ? ነፍስ ያለው ወልደዮሐንስ እግሩ ላይ ጋቢ አያሳርፍም።»

ገሪማ መልሱን አልወደዱትም፤ በጣም የተዘጋጀ መሰላቸው። ማታ የት እንደነበሩ ጠየቁ። ለቅሶ ቤት አምሽተው ሲመለሱ ይርጉ «ተኝተዋል» ስላላቸው በሩን ሳይከፍቱ ከልጆቹ ጋር ማደራቸውን ተናገሩ። እዚያ ቤት እንቅልፍ ብርቅ ነው፤ የመጣ ቀን ማንም አይነካውም። ደግሞም ባላቸው ገና ከአዲስ አበባ መመለሱ ነበር። ሌላ በሽታ የማያክም፣ ሕመም ብቻ የሚያይ የውጭ ሐኪም አግኝቶ፣ ሐኪሙ «የተጎዳው ነርቭህ ነው፣ የእውነት በሽታ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጥቶታል። ለተመላሽ ሲመጣም ሲወጋ የቆየውን መድኃኒት እንዲያሳየው ስላዘዘው፣ ከመርፌው የተረፈውን ብልቃጥ ለመንገድ ጠቅልለው አስቀምጠው ነበር። ብልቃጡን ለገሪማ ሰጧቸው።

«ከመጣ ወዲህ የቀኝ እግር ጫማውን አስቦርሾኛል» አሉ። «ያንን ጫማ ስንት ጊዜ ረስተነዋል። ሊሞት ያሰበ ሰው ጫማ ያስቦርሻል?»

ቀጥሎ የተጠራው የሟች ታናሽ ወንድም ደጀኔ ነው። ከተማው ጣቱን የቀሰረው በሱ ላይ ነበር። በኢዲዶው የቡና መሬት ከወንድሙ ጋር ተጣልቷል፤ ሰው ፊት አዋርዷቸዋል፤ በዋዜማው ከሰዓት በኋላም ጩኸቱ እስከ መንገድ ተሰምቷል።

«‹አስመሳይ› ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ። ስንቴ!»

«ማታ ለምን ተመለስክ?»

«ይቅርታ ልለው። ፋኖሱ ጠፍቷል፤ በጨለማው መቀስቀስ ፈርቼ ተመለስኩ።» ቀጥሎም፣ «እንደማያምኑኝ አውቃለሁ» አለ።

የመጨረሻ የገባው ሰው እሱ መሆኑ ነው። ገሪማ ምንም ሳይሉ ሬሳውን ወደ ንጹሕ አንሶላ እንዲያዛውር አዘዙት፤ አንድ ፖሊስ በትከሻ በኩል ያዘ። ደጀኔ ጎንበስ ብሎ ወንድሙን ከጉልበቱ ስር አቀፈ። የሟቹ ቀኝ እግር ማንም ሳይነካው አየር ላይ ተንጠልጥሎ አለፈ፤ ሲያስቀምጠውም ቀስ ብሎ ነው። ገሪማ እጁን አዩ።

ይርጉ በረንዳው ላይ ኩርምት ብሎ ነበር። ጌዴኦ ነው፤ አማርኛ ያደገበት ቋንቋ አይደለም። የሥር መድኃኒት አጠጥቶ ገደለ እንደተባለ ሰምቷል።

«ሥር አልሰጠሁ። ቅስት ነው የሰጠሁ። ማታ እዚህ ነበርሁ። ዶክተር መጣ፣ ገባ፣ ቆይቶ ወጣ። ‹እንቅልፍ ይዛቸዋለች፣ እንዳትቀሰቅሱ› አለ። እኔም ደስ አለኝ። ደጀኔ ኋላ መጣ፣ ወዲያው ተመለሰ።»

ሽብሩ ልጆቹን አቅፎ ሲያለቅስ ነው የተጠራው። ያልተጠየቀውንም ተናገረ።

«የተለመደውን መርፌ ወጋኋቸውና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብርድ ነበር፣ ጋቢውን እስከ ጣታቸው አልብሼ፣ ፋኖሱን አጥፍቼ ወጣሁ። ነቅተው ነው ያንን ኪኒን የዋጡት። ምነው አብሬ ባደርኩ!»

ገሪማ «ነፍስ ይማር» አሉትና ብልቃጡን ይዘው ወጡ።

ሲመለሱ ፀሐይ አዘንብላለች። ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ይንሾካሾካል፤ የሬሳ ሣጥኑ ባዶውን ደጅ ቆሟል። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰቡ፤ ሸዋነሽን፣ ደጀኔን፣ ይርጉን፣ ሽብሩን፣ መምሬ ውዳሴንም። የቀርከሃውን ቅስት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርስዎን ነው፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀጥሎ ደጀኔን። ግን ዛሬ ሬሳ ሲያነሳ አይቼዋለሁ። ለሞተ እግር እንኳን ተጠነቀቀ። ‹አስመሳይ› ያለው አፉ ነው፣ እጁ ግን ሕመሙን ያውቃል። እንደሱ የሚጠነቀቅ ሰው ያንን እግር በጋቢ አይጠቀልልም።»

ደጀኔ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

«እዚህ ቤት ያንን እግር የማይፈራ የለም። ታዲያ ጋቢውን ማን አለበሰ?»

«እኔ ነኝ ብያለሁ እኮ» አለ ሽብሩ። «አልደበቅኩም።»

«አልደበቁም። ቅስቱን አንስተው ግድግዳ አስደገፉ፣ እስከ ጣት አለበሱ። አቶ ወልደዮሐንስ በሕይወት ቢኖሩ በጩኸት ነቅተው ጋቢውን ከእግራቸው ላይ ይጥሉት ነበር። ጋቢው ግን እንዳለበሷቸው ነው ያደረው፣ አንድ እጥፋት የለውም። ነቅተው ኪኒን ዋጡ የሚለውም እዚህ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ሲያለብሷቸው መሞታቸውን ያውቁ ነበር፤ ወይም ደግሞ ሕመማቸውን አላመኑም። የትኛው ነው?»

ሽብሩ ዙሪያውን አየ። መውጫ ሲፈልግ ያገኘው አንድ በር ነው፤ በሱ ገባ።

«እውነቱን ልናገር? ጋሼ ሕመም አልነበረባቸውም። ሐሳብ ነው። የተኛ ሰው አያስብም፣ ምንም አይሰማቸውም ብዬ አለበስኳቸው።»

ይርጉ ቅስቱን ትኩር ብሎ ያያል።

«ለሌለ ሕመም ታዲያ ሁለት ዓመት ምን ሲወጉ ነበር?»

«ጨው ያለበት ውሃ ነው። ልባቸው እንዲያርፍ። ማንንም አይጎዳም።»

ገሪማ ብልቃጡን ከኪሳቸው አውጥተው ከቅስቱ ጎን አኖሩት። ከዚህ በኋላ አንቱታው ቀረ።

«ልክ ነህ። ጤና ጣቢያ አስመርምሬዋለሁ፣ ጨውና ውሃ ነው። እንግዲህ አንድ ነገር ንገረኝ። ጠዋት ‹የተለመደውን ወጋኋቸውና እንቅልፍ ወሰዳቸው› ብለኸኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላስተኛ የጨው ውሃ ትናንት ማታ እንዴት አስተኛ?»

ሽብሩ ዓይኑን ወደ በሩ ወረወረ።

«የተለመደውን አልወጋህም። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከልክ በላይ ወጋህ፤ እስኪሞቱ ጠብቀህ አለበስክ። ኪኒኑን ከጠርሙሱ ገልብጠህ ጠርሙሱን ተውክላቸው። መጣል ደግሞ አሳሳህ። ክሊኒክህ ውስጥ በሌላ ዕቃ አግኝተነዋል፤ ለሌላ በሽተኛ ልትሸጠው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አላወቅሁም። ብልቃጡ አዲስ አበባ ከደረሰ ማታለልህ ይወጣ ነበር፤ እንደሚሄድ ማን ነገረህ?»

የመለሱት ወይዘሮ ሸዋነሽ ናቸው።

«ራሱ ወልደዮሐንስ ነው የነገረው። ለቅሶ ልወጣ ስል፣ ‹ማታ ለአበልጄ ሁሉንም እነግረዋለሁ፣ መዳኔን ሲሰማ ከኔ ይበልጥ ደስ ይለዋል› ብሎኛል። አልጠረጠረህም እኮ፣ ሽብሩ። ለሐኪሙ የሚያሳየውን የመድኃኒቱን ስም እንኳን አንተኑ ሊያስጽፍህ ነበር።»

ፖሊሶቹ ሽብሩን በግራና በቀኝ ያዙት። ሊያወጡት ሲሉ ሴትየዋ ተነስተው ፊቱ ቆሙ። አልሰደቡትም፣ አልረገሙትም።

«ገበታ ላይ አብረኸን ስትቀመጥ፣ ሌሊት ሲያለቅስ እጁን ይዘህ ‹አይዞዎት› ስትለው፣ አንድ ቀን እንኳን፣ ለአንድ ቀን እንኳን አላመንከውም?»

ሽብሩ መሬት መሬቱን አየ። ወይዘሮ ሸዋነሽ የግድያውን ነገር ሳያለቅሱ ነበር የሰሙት። አሁን ግን የደጀኔን ክንድ ይዘው አለቀሱ።

መምሬ ውዳሴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ደጅ ወጥተው የደብሩን ሰዎች ጠሩ።

«ቆፍሩ» አሉ። «ከአባቱ አጠገብ። እኔም ደግ ሰው ጠርጥሬያለሁና እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ሳይመሽ ፍትሐቱ ተደረሰ። ይርጉ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው፤ ግን ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ደጀኔ ቀባሪው ሁሉ ከሄደ በኋላም አፈሩ አጠገብ ቀረ። ይቅርታ ሊል መጥቶ የተመለሰበትን ቃል ያን ጊዜ ተናገረው አሉ፤ ለማን እንደደረሰ አንድዬ ያውቃል።

ወዳጆቼ፣ ብዙ አልለምናችሁም። ዛሬ ማታ ስትጸልዩ ስሙን ጥሩልኝ። ወልደዮሐንስ ይባላል።