ኮከቡ የተፋው አቧራ

ትርሲት ቴሌስኮፑ ያነሳቸውን ምስሎች ጠዋት ጠዋት ማየት ልማዷ ነበር። ተራራው አናት ላይ ባለው የከዋክብት መመልከቻ ተቀምጣ፣ ኮከብ ሲሞት ዙሪያውን የሚተፋውን ጋዝና አቧራ፣ ፕላኔታዊ ኔቡላ የሚሉትን፣ ታጠናለች። ካሜራዋ የሚያነሳው የአቧራውን ሙቀት ስለሆነ፣ በምስሉ ላይ የሚታየው መሐሉ ጨለማ የሆነ የሚያበራ ቀለበት ነው።

የዚያን ቀን ግን ምስሉ ጠርዝ ላይ፣ ሞራ የነካ ጣት የዳሰሰው የሚመስል እድፍ አየች። ካሜራው ቆሽሿል ብላ ቴሌስኮፑ ወዳለበት ክፍል ወጣች። ቴክኒሻኑ ጋሽ መንገሻ ካሜራውን ከቴሌስኮፑ አውርደው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውታል። ክፍሉ የተቃጠለ ጸጉርና የሰነበተ ሥጋ ይሸታል።

"ጋሽ መንገሻ፣ አይጥ ሞቶ ይሆን እንዴ?"

"ፈልጌ አጣሁ። የሚሸተውስ ይሄ ነው" አሉና የካሜራውን መስታወት አሳዩአት።

ግራጫ አቧራ ተጋግሮበታል። በጣቷ ብትነካው አልበነነም፤ ለብ ያለ፣ የሚያሟልጭ ነገር ነበር። በአልኮል ጠረገችው፤ በጠረገችው ቁጥር ግን ይበዛል። ጥፍሯ ሥር ገባ፣ ምራቋን ስትውጥ ጥርሷ መሐል ቀጭ ቀጭ አለ፣ ሽታው ጉሮሮዋ ላይ ተጣበቀ። ባልዲ ስባ አስታወከች። የወጣው ግን ቁርሷ አልነበረም፤ እርጥብ አመድ ነበር።

"ካሜራው ደህና መሆኑን እንይ" አለች አፏን እየጠረገች። "እስቲ ከፊቱ ይቁሙልኝ።"

አጭር ሌንስ ገጥማ አነሳቻቸው። የጋሽ መንገሻ ፊትና ደረት ስክሪኑ ላይ ደምቆ ወጣ፤ ሙቀት ያለው፣ ደህና ሰው። እድፍም የለበት። እፎይ አለች።

"በይ አንቺም ቁሚ፤ በሁለት ሰው ይረጋገጥ" አሏት።

ቆመች። ቁልፉን ተጫኑ፣ ስክሪኑን አዩ። አንገቷን አስግጋ ብታይ፣ እሷ በቆመችበት ቦታ ፊትም ደረትም አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ጨለማና ዙሪያውን እየሰፋ የሚሄድ የአቧራ ቀለበት ብቻ።

"ጋሽ መንገሻ?" ብላ እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን እያቅለሸለሻቸው፣ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ይዘው፣ እንዳትነካቸው ወደ በሩ አፈገፈጉ።