ኪማው ብቻውን ነው

ሚስና ውኃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ፣ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። እጇን ወደ ኪማው ትሰድዳለች፤ መልሳ ትሰበስባለች።

«አንሺው እንጂ፤ ረፈደ እኮ» አለቻት የክፍል ጓደኛዋ ሀርሊና ከላይ፣ ከእንጨቱ መተላለፊያ ላይ አጎንብሳ።

«ቆይ፣ እየተዘጋጀሁ ነው።»

«ለምኑ? ልትድሪው ነው?»

ኪማ ባለሁለት ክዳን ትልቅ የባሕር ዛጎል ነው፤ ሲከፈት ውስጡ ያለው ሥጋ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። ይሄኛውን ኪማ፣ ቤታቸውን ከባሕሩ በላይ ከተሸከሙት ቋሚዎች አጠገብ ያስቀመጠው የሚስና አባት ነው። «እስክመጣ ጠብቂልኝ» ብሏት ከመንደሩ ሰዎች ጋር ወደ ደቡብ ለዓሣ ወጣ። ጀልባቸው የሌላ አገር ባሕር ውስጥ ገብታ ተያዘች። ይኸው አሥራ አራት ወሩ። አንድ ጊዜ ደውሎ «ከዝናቡ በኋላ ይፈቱናል» ብሎ ነበር፤ ዝናቡ መጥቶ ሄደ።

እናቷ ስሙን ማንሳት ካቆመች ቆይታለች። ምግብ ስታቀርብ ግን አሁንም አንዳንዴ ሦስት ሳህን ታወጣና አንዱን መልሳ ታስቀምጣለች። ሚስና እንዳላየች ትሆናለች። እሷም የራሷ ምስጢር አላት፤ ወር በገባ ቁጥር ኪማውን በጣቷ ትለካና ልኩን ቋሚው ላይ በቢላ ትጭራለች። ይህን የምታደርገው አባቷ ምን ያህል እንደናፈቃት የምትነግረው ሰው ስለሌላት ይሁን አይሁን እሷም አታውቀውም።

ትናንት ቲቸር ሮስማ «ነገ እያንዳንዱ ቡድን ሕይወት ያለው ነገር ይዞ ይምጣ። ሕይወት እንዳለው ያስረዳናል፣ ምድቡንም ይነግረናል» ስትል ሀርሊና ማንንም ሳትጠይቅ እጇን አውጥታ «እኛ ኪማ አለን» አለች። አሁን ምን ይደረግ?

ሚስና ትንፋሿን ይዛ ኪማውን አነሳችውና ባልዲው ውስጥ አስገባችው።

ክፍል ውስጥ የነጁፍሪ ቡድን ዶሮ ይዞ መጥቶ ሁሉንም ሲያስቅ ቆየ። ተራው የነሚስና ሲደርስ ጁፍሪ መጥቶ ባልዲውን አየው።

«ይሄማ ድንጋይ ነው ባካችሁ። የኛ ዶሮ ቢያንስ ትጮሃለች።»

«አንተም ትጮሃለህ፤ ምድብህ ግን እስካሁን አልታወቀም» አለችው ሀርሊና።

ቲቸር ሮስማ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «ጁፍሪ ያነሳው ነገር ጥሩ ነው። አይራመድም፣ አይጮህም። ታዲያ ሕይወት እንዳለው በምን እናውቃለን?»

ሚስና እጇን ከባልዲው በላይ ዘረጋች። ጥላዋ ሲያርፍበት ኪማው ክዳኑን ግጥም አደረገ፤ ውኃው ጁፍሪ ፊት ላይ ተፈናጠረ።

«አያችሁ፣ ይሰማዋል፤ ይንቀሳቀሳልም» አለች ቲቸር ሮስማ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች። «ውኃ ወደ ውስጥ ስቦ ይተነፍሳል፤ ከዚያው ውኃ ምግቡን ያጣራል፣ ቆሻሻውን ያስወጣል። እንስሳ ነው። አከርካሪ የለውም፣ ገላው ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ከቀንድ አውጣ ጋር ይመደባል። ማደጉንስ በምን አወቃችሁ?»

ሀርሊና ወደ ሚስና ዞረች።

«አባቴ ሲሄድ ከመዳፌ አይበልጥም ነበር» አለች ሚስና ቀስ ብላ። «አሁን ስንዝሬን አልፏል። በየወሩ ለክቼዋለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ጁፍሪም ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አጎቱ እዚያችው ጀልባ ላይ ነበር።

«አንድ ቀረን፤ መራባት» አለች ቲቸር ሮስማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ኪማ ዘሩን ውኃው ላይ ይበትናል። በአቅራቢያው ሌላ ኪማ ካለ ዘራቸው ይገናኛል።»

«ከሌለስ?» አለች ሚስና።

«ከሌለማ ይኖራል። ይበላል፣ ያድጋል። ከእሱ በኋላ የሚቀር ግን አይኖርም።»

ከትምህርት ሲወጡ ሚስናና ሀርሊና ባልዲውን በየወገኑ ይዘው ሄዱ። የሚስና እናት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የሚደርቀውን ዓሣ ትገላብጣለች። ሚስና ወደ ቋሚው የሚወርደውን መሰላል አየችው፤ አልወረደችም።

«እማ፣ ታንኳዋን ልወስዳት ነው። ኪማውን ሌሎቹ ወዳሉበት፣ ወደ ኮራል አለቱ ጫፍ ልወስደው።»

ሀርሊና ባልዲውን ለቀቀችው። «አብደሻል? እዚያ ያገኘው ሰው ሁሉ አንስቶ ይበላዋል።»

«ሊበላው ይችላል።»

«አንቺም እንደ ልብሽ አታዪውም።»

«አውቃለሁ» አለች ሚስና። ጠዋት ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው፤ ከነገ ጀምሮ ከቤቱ ሥር አሸዋ ብቻ ነው የሚኖረው። «ግን እዚህ ብቻውን ነው።»

እናቷ ዓሣውን መገላበጥ ተወች።

«አባትሽ ነው ያስቀመጠው» አለች። አባትሽ ካለች ስንት ወሯ። «መጥቶ ከቤቱ ሥር ቢያጣውስ?»

«ጠብቂልኝ» ያላት አባቷ ነው። መጠበቅ ማለት ግን አጠገብ ማስቀመጥ ብቻ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለችም።

«ሲመጣ ወስጄ አሳየዋለሁ» አለች።

እናቷ ዓይኗን ወደ ባሕሩ ጣለች። ከዚያ እናትየው እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተነሳች፣ መቅዘፊያውን ከግድግዳው አወረደች፣ መሰላሉን ወርዳ ታንኳዋ ላይ ከፊት ተቀመጠች።

«ነይ» አለች። «ቦታውን እኔም ልወቀው።»