መኪና የማይገባበት ደጃፍ

በዚያ ሰፊ የመኪና መንገድ ዳር፣ በጋራዦች መሃል በተሸጎጠች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሦስት ነፍሶች ይኖሩ ነበር፤ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ፣ እናቱ፣ እናቷንም በወጉ የማታስታውስ ትንሽ ልጁ። ልጅቱን ሁሉም ጢኒጥ ይላታል። እናቷን ያ መንገድ ነው የበላት፤ ዳቦ ልትገዛ እንደ ወጣች ቀረች... ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ እንቅልፍ አጣች። ፍሬን በጮኸ ቁጥር ልቧ ይቆማል፤ ልጅቱ ከዓይኗ ዞር ካለች ነፍሷ አብራ ትወጣለች። ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። ጎሚስታ ልጇን ለምና አሮጌ ጎማዎች ከደጃፉ ፊት በግማሽ አስቀበረች፤ ኖራም ቀባቻቸው። «ከነጩ ጎማ አልፎ እግርሽን እንዳላይ» ትላታለች ማለዳ ማለዳ።

እንዲህ ሲኖሩ ወሬ መጣ። መንገዱ የእግረኛ ሊሆን ነው፤ ጋራዡ ሁሉ ተነሥቶ ከታቹ ሱቅ፣ ከላዩ መኖሪያ የሆነ ቤት ሊሠራ፣ አቅም ላነሳቸው ነባሮችም በሚችሉት ኪራይ ሊሰጥ ነው። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ «የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» ሲባል ጎሚስታው እጁን ኪሱ ከተተ። ከጎኑ ግን አንድ የተጨማደደ እጅ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። የእናቱ ነበር።

«እማዬ፣ መኪና ከሌለ ምን ልነፋ ነው? ፊኛ?» አላት ቤት እንደ ገቡ።

«ፊኛም ቢሆን ንፋ። እኔ ይቺን ልጅ አልቀብርም።»

«እኔንስ?»

ከልጅሽና ከልጅ ልጅሽ ምረጪ የተባለች እናት ምን አፍ ይኖራታል? ጎሚስታው በማግሥቱ ክሪኩንና መንፊያውን ጭኖ ከከተማ ውጪ፣ መኪና ወደሚበዛበት አውራ ጎዳና ሄደ። ለልጁ ቀለብ ይልካል፤ ለእናቱ ግን አንዲት ቃል የለም...

ቤቱ አለቀ። እዚያው በነበሩበት ቦታ፣ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል፣ ከሥሩም ጠባብ ሱቅ ደረሳቸው። ሠራተኞች ነጮቹን ጎማዎች ሊነቅሉ ሲመጡ አሮጊቷ ጎማዎቹ ላይ ተቀመጠች፤ ስቀው ተዉላት። ሱቁንም ለማንም አላከራይ አለች። በየጠዋቱ ባዶውን ትጠርገዋለች፤ ማንን እንደምትጠብቅ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

አንድ ቀን ስልኳ ጠራ።

«እማዬ፣ ተኮራርፈን እስከ መቼ? እዚያ ሰፈር ብስክሌት በዝቷል አሉ።»

«በዝቷል እንጂ። ጎማው የተነፈሰበት ሁሉ እየገፋ ነው በደጄ የሚያልፈው።»

«ታዲያ ሱቁን ክፈቺልኝ። የዚህን ጭነት መኪና ጎማ ልቀይርና እመጣለሁ።»

«ከመንገዱ ራቅ ብለህ ሥራ፣ ልጄ።»

«አንቺ ደግሞ... እዚህም ነጭ ጎማ ልቅበር እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

የመጨረሻ ሳቁ ሆነ። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ብሎን ሲፈታ፣ ከኋላ የመጣ መኪና ደረሰበት...

አስከሬኑን የያዘው መኪና እስከ ደጁ መግባት አልቻለም፤ መኪና የማይገባበት ሰፈር ነዋ። ጎረቤቶች ከመግቢያው ተቀብለው፣ በዚያ ጸጥ ባለ መንገድ መሃል፣ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። አሮጊቷ የሱቁን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ቆማ ነበር። ክፈቺልኝ ብሏት የለ?

ዛሬ ጢኒጥ ብቻዋን ተሻግራ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አያቷ ግን ልትሸኛት ወጥታ ነጮቹ ጎማዎች ዘንድ ስትደርስ እግሯ ይያዛል፤ ግራና ቀኝ ታያለች።

«እማማ፣ መኪና እኮ የለም፤ ነይ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» ትላለች፤ ያንን በስብሰባው ያወጣችውን እጇን ግን እንደ ዘረጋች ትቀራለች።

ከአንዱ ደጅ ያባረሩት ሞት ዞሮ በሌላ ደጅ ከጠበቀ፣ እናት በስንቱ በር ላይ ትቁም?