በጎጆዬ በር ላይ የተጻፈው

እማማ ሐጂራ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ቅዳሜ ጠዋት መጡ፣ እሑድ እዚያው ዋሉ፣ ሰኞም ያቺኑ ድንጋይ ያዙ። የቆላዋ ሮቢት ፀሐይ ገና በሦስት ሰዓት አናት ትበሳለች፤ እሳቸው ግን ጥላው ፈቀቅ ሲል አብረው ፈቀቅ እያሉ የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ኢንስፔክተር ሸዋዬ በገባችና በወጣች ቁጥር ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ምን ትበላቸው? ልጃቸው ሱፍዋን በገዛ አፉ «ጋሽ በቀለን የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሏል። ነገ ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያንኑ ይደግማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወህኒ ነው።

«ልጄ» አሉ ሐጂራ የሱሪዋን ጫፍ ያዝ አድርገው። «ሱፍዋን ገደልኩ ካለ አልከራከርም። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ያን ፈሰሰ የተባለውን የጋዝ ቱቦ አንቺ በዓይንሽ አይተሽዋል?»

ሸዋዬ አላየችውም። አሥራ ስድስት ዓመት መርማሪ ሆና፣ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ሲገኝላት እፎይ ብላ መዝገቡን ዘግታ ነበር። እፍረት ከእግር ጥፍሯ እስከ ጆሮዋ ወጣባት።

«አላየሁትም፣ እማማ።»

«እንግዲያስ ሂጂና እዪው። ወላሂ፣ ካየሽው በኋላ ተነሽ ሳትይኝ እነሳለሁ።»

ሟቹ ጋሽ በቀለ አርባ ዓመት ሙሉ በአሰብና በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ የነዱ ሰው ነበሩ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ቤት ይሠራል፤ እሳቸው አንድ ያረጀ መለስተኛ አውቶቡስ ገዝተው ወንበሩን ነቃቀሉና አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ በርሜል ገጠሙለት። «ጎጆዬ» ብለው ሰየሟት። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ኑሯቸው ጎጆዬ ውስጥ ሆነ፤ ዛሬ አሊዩ አምባ፣ ነገ ማጀቴ። ሮቢት ሲመጡ የሚያቆሙት እትዬ ዘርትሁን ሆቴል ግቢ፣ ማንጎው ሥር ነው። ታዲያ አንድ ሰው «ጋሼ፣ እኔም እንዲህ ያለ መኪና አምሮኛል» ካላቸው አለቀለት! ከበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም የጻፉትን ምክር ድምፁን ከፍ አድርጎ ካላነበበ አይለቁትም፤ ሻይም አያገኝም።

ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ዘርትሁን ጎጆዬ ውስጥ ሲገቡ አልጋቸው ላይ ሞተው አገኟቸው። ውሻ ከጥላ በማይወጣበት በዚያ ሐሩር ሦስት ብርድ ልብስ ተደርቦባቸዋል፤ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሏል። የተሰበሰበው ሰው «ጋዝ ነው!» አለ። ይህን የሰማው መካኒኩ ሱፍዋን እየሮጠ መጥቶ መሬት ላይ ተደፋ። «ጠዋት አዲስ ቱቦ የገጠምኩት እኔ ነኝ! ጁምዓ ሊያመልጠኝ ሲል በሳሙና አረፋ ሳልፈትነው ሄድኩ! እኔ ነኝ የገደልኳቸው!» አለ። እሱን ያመነ ፖሊስ ምን ይፈረድበታል? ይፈረድበታል እንጂ!

ሸዋዬ ሰኞ በአራት ሰዓት በጣሳ የሳሙና ውሃ ይዛ ማንጎው ሥር ደረሰች። ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችና ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አረፋ ቀባችው። ጠበቀች። በመጋጠሚያው ላይ ደገመች። አረፋው ዝም ብሎ ደረቀ፤ አንዲት እንኳ አልተነፋችም።

«ወይ ጉድ!» አለች ለራሷ። «ያንን ምስኪን በከንቱ ነው ያሰርኩት።»

ሱፍዋን ካልገደለ ማን ገደለ? በሩን ከውስጥ ዘጋችና የጋሽ በቀለን ጽሑፍ አነበበች።

«ቁልቁለት ስትወርድ በማርሽ እንጂ በፍሬን አትውረድ፤ ጣርማ በር ቀልድ አያውቅም። የደረቀ ወንዝ ውስጥ አትደር፤ ዝናቡ ደጋ ይዘንባል፣ ጎርፉ አንተ ጋ ይመጣል። ስታቆም አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙር፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርግ። ምንጣፉ ከበሩ ሥር አይነሳ፤ ቤት የሚቆሽሸው በእግር ነው። ስትተኛ የጣሪያውን መስኮት አራት ጣት ክፈት፤ ቆርቆሮ እንደ ሣር ቤት አይተነፍስም። ከሰል በደጅ! ፍም ሆኗል ብለህ እንዳታስገባ፣ ጭስ የሌለው ነው የሚገድለው።»

ዞር አለች። ምንጣፉ ከበሩ ሥር የለም፤ አልጋው አጠገብ ተነጥፏል። ብታነሳው የፕላስቲኩ ወለል ሦስት ቦታ ላይ ጠቁሮ ቀልጧል። ሦስቱ ነጥቦች የከሰል ምድጃ እግር ያህል ይራራቃሉ።

መጀመሪያ የጠራችው ፌቨንን ነው። ፌቨን ከሆቴሉ ጎን ያለው መድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፤ ሳትጠየቅ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! ጤና ጣቢያ መላክ ነበረብኝ።»

«ቀስ በይ። መቼ ነው የታመሙት?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ነው የጀመራቸው። እትዬ ጠሩኝ፤ ስመረምራቸው ወባ ነው። ብርድ ብርድ እያላቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ እሳቸው ግን አልበረደኝም ብለው ይቀልዳሉ። ‹አርባ ዓመት በረሃ ስነዳ አንዴ ያልነካችኝ ወባ በጡረታዬ መጣች› አሉኝ። መድኃኒት ሰጥቼ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ።»

«መስኮቱስ?»

«ክፍት ነበር። የጣሪያውም።»

«ማን ነበር አብሯችሁ?»

«እኔና እትዬ ብቻ።»

«ሞተው ሲገኙ አይተሻቸዋል?»

«አይቻለሁ። ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ቀይ ነበር፤ የሞቱ አይመስሉም። ግራ ገብቶኝ ዝም አልኩ።»

የጋዝ ፍሳሽ ያፈነው ሰው ከንፈሩ አይቀላም፤ የከሰል ጭስ የመታው ግን ይቀላል። ሸዋዬ ይህን ብታውቅም ያን ዕለት ከንፈር ለማየት ጊዜ አልነበራትም፤ ለእስረኛው ካቴና ታጠልቅ ነበር።

እትዬ ዘርትሁን ወጥ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያፋትጋሉ። ስልሳ ሞልቷቸዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ከጋሽ በቀለ ጋር በጎጆዬ ሊዞሩ ቃል የተገባቡ ሰው ናቸው።

«ብርድ ልብሱን ደራርቤላቸው፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ገበያ ወጣሁ። ምን አለ ብቀር? ሽንኩርቱ ቢቀር ምን ይሆን ነበር?» አሉ።

«ምንጣፉን ማን አነሳው፣ እትዬ?»

«እኔ እንጃ» አሉ፤ ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሦስት የከሰል ምድጃዎች ተደርድረዋል። ሁለቱ እንደ ወጉ ጥላሸት የጠገቡ ናቸው። ሦስተኛው በውሃ ታጥቦ ተደፍቷል። ምድጃ የሚታጠበው በየት አገር ነው? አጠገቡ አሸዋ የተነሰነሰበት ከሰል ተደፍቶ አገኘች፤ ሰብራ ብታየው አንድም ጥሬ ጥቁር የለውም፣ እስከ እምብርቱ ፍሟል።

በመጨረሻ ያነጋገረችው የጋሽ በቀለን ልጅ እዮኤልን ነበር። ደብረ ብርሃን ያደገ፣ እዚያው የሚያስተምር መምህር ነው። ዓርብ ጠዋት የመጣው አባቱን የመንገድ ኑሮውን ሊያስተወው ነበር።

«ግቢው ሁሉ ሰምቷል» አላት አንገቱን ደፍቶ። «‹ይህ መኪና ሬሳህን ነው የሚያመጣልኝ› አልኩት። አባት እንዲህ ይባላል? ስድስት ሰዓት ላይ ተናድጄ፣ ያገኘሁት እሱን ስለ ነበር፣ በአጣዬ መኪና ሄድኩ። ስመለስ ሞቶ ጠበቀኝ።»

«ስትለያቸው ታመው ነበር?»

«ኧረ! ማንጎው ሥር ቆሞ ሲሰድበኝ ነው የተለየሁት። አባቴ እኮ ኩሩ ነው። ጥርሱ እየተንገጫገጨ እንኳ ‹አልበረደኝም› የሚል ሰው ነው።»

ሸዋዬ ማስታወሻዋን ዘጋች። ጣቢያ ተመልሳ ሱፍዋንን አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ ግድግዳውን እያየ መለሰላት።

በአሥር ሰዓት ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸው። እማማ ሐጂራ ከበርጩማው ይልቅ መሬቱን መርጠው ተቀመጡ።

«ቱቦው አልፈሰሰም» ብላ ጀመረች ሸዋዬ። «ይህን ዓርብ ማወቅ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሽ በቀለን የገደላቸው የከሰል ጭስ ነው። ከንፈራቸው ይመሰክራል፣ ወለሉም ይመሰክራል። ወባ ያንቀጠቀጠው ሰው ተነስቶ ከሰል አያቀጣጥልም፤ ሞቶም ምድጃ አያጥብም። እንግዲህ ያስገባውም፣ ያወጣውም ሌላ ሰው ነው።»

ሸዋዬ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ያ ሰው ሊገድል አልመጣም። ሊገድል የመጣ ከሰሉን ጥሬውን ያስገባ ነበር። ይኼኛው ግን ጭሱ እስኪያልቅ፣ እስኪፍም ድረስ ደጅ ቆሞ አራግቧል። ይህ የማን ልማድ ነው? እዚህ ሮቢት ለሙቀት ብሎ ከሰል ቤት ያስገባ ማን ያውቃል? እኛ የምንለምነው ቅዝቃዜ ነው። ከሰል አፍሞ ታማሚ አልጋ ሥር ማኖር የደጋ ሰው ወግ ነው።»

«ደጋ ዘመድ የሌለው አለ እንዴ?» አለች ፌቨን።

«ልክ ነሽ። ለዚህ ነው አንድ ጥያቄ ያለኝ። እትዬ፣ የበሩ መጨረሻ ላይ ምን ተጽፏል?»

«‹ከሰል በደጅ›» አሉ ዘርትሁን ወዲያው። «‹ጭስ የሌለው ነው የሚገድለው።› በቃሌ አውቀዋለሁ፣ መቶ ጊዜ አስነብበውኛል።»

«ፌቨን?»

«እኔም አውቀዋለሁ።»

«ሱፍዋንም በእስር ቤት ሆኖ አንድ ቃል ሳያጎድል ነገረኝ። አንተስ መምህር?»

እዮኤል ቀና አለ። «የቱ በር?»

ዘርትሁን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አንብበኸው አታውቅም?» አለች ሸዋዬ በለሰለሰ ድምፅ።

«ይህን መኪና እጠላው ነበር። ብገባበትም ቶሎ ነው የምወርደው። አንድ ቀንም አላነበብኩትም።»

«አባትህ ወባ ይዟቸው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጥርሳቸው የተንገጫገጨው ዓርብ ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ አንተ እንዳልከው ወደ አጣዬ ሄደሃል። ‹አልበረደኝም› ሲሉ የሰሙት እትዬና ፌቨን ናቸው፤ ዛሬ ግን አንተም ይህንኑ ነገርከኝ፤ ከሌላ ሰው ጆሮ ከገባ ተመልሶ የመጣ ሰው ጆሮ ነው። ከየት ተመለስክ?»

የእዮኤል ቃል ተንዶ ወረደ።

«ከአጣዬ በፊት ያለችው ሰንበቴ ላይ ወረድኩ። እንዲያ ብዬው መሄድ አቃተኝ፤ ይቅርታ ልጠይቀው ተመለስኩ። ብቻውን ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ብርድ ሲይዘን የምታደርገውን አደረግኩ። ነፋስ እንዳይመታው መስኮቱን ዘጋሁ። ‹እግዜር ይስጥልኝ ልጄ› አለኝ፣ ታረቀኝ! ሞቆት ሲተኛ ብርቱካን ልገዛለት ወጣሁ። ስመለስ... ቀስቅሼው ነበር። ደጋግሜ ቀስቅሼዋለሁ። ጠዋት ሬሳህን ብዬዋለሁ፣ ማን ያምነኛል? ምድጃውን አጠብኩት። ትንሽ ቆይቼ ሁሉን ልናገር ስል ያ ልጅ ‹እኔ ነኝ› ብሎ ጮኸ። አፌ ተያዘ።»

«ምንጣፉን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ» አሉ ዘርትሁን እያለቀሱ። «ቃጠሎውን አይቼ ምድጃው የእኔ መሆኑን አወቅሁ። ገደለቻቸው እንዳይሉኝ ፈርቼ ሸፈንኩት። እግዚአብሔር ይየኝ!»

እማማ ሐጂራ እጃቸውን መሬት ተመርኩዘው ተነሱና እዮኤል ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ አባትህን የገደለው እጅህ ነው፤ እጅህ ለደግ እንደ ነበር ረቢ ያውቃል። ልጄን ያሳሰረው ግን አፍህ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብሎ እህል አልቀመሰም። ያንንስ ለማን ብለህ ነው?»

ሸዋዬ «እኔንም ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» ብትላቸው፣ ዞረው እንኳ ሳያዩአት «ልጄን ስጪኝ። ይቅርታው ይደርሳል» አሉ።

ሱፍዋን ከእስር ክፍሉ ሲወጣ ሸዋዬ ቱቦውን ራሷ እንደ ፈተነችና አንዲት አረፋ እንዳልወጣች ነገረችው። «አልፈሰሰም?» አለ። «አልፈሰሰም» አለችው። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ ሦስት ጊዜ መለሰችለት። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ።

በዚያው ቅጽበት ሁለት ፖሊሶች እዮኤልን መሃል አድርገው አስገቡት። ሐጂራ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ ውጭ ሳቡት፤ እሱ ግን እጁን ቀስ ብሎ አላቀቀና ሄዶ እዮኤል ፊት ቆመ። ሸዋዬ ይመታዋል ብላ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ሦስት ቀን እሳቸውን የገደልኳቸው እኔ ነበርኩ» አለው ሱፍዋን። «ስበላ አይወርድልኝም፣ ስሰግድ አይቀናኝም። እንዴት እንደሚከብድ አውቀዋለሁ። አንተ ደግሞ ሁለት ነው የያዝከው፣ የእሳቸውንና የእኔን። የእኔን ትቼልሃለሁ። የአባትህን ግን ማንም ሊተውልህ አይችልም፤ ብቻህንም አትችለውም። ነገ እመጣለሁ።»

እዮኤል ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለና ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።