ሚኒሞ ላይ የምትንቀጠቀጥ መኪና

ሽማግሌው የሞቱት ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ያለውን የድንጋይ አጥር በመኪናቸው ገጭተው ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ የቀረው ደምና ዝንብ ነበር። የሟቹ አማች፣ የአንድ ልጃቸው ባል፣ ፖሊስ ከዘረጋው ገመድ ወዲህ ቆሞ ሙዝ ይበላል። ልጣጩን ደሙ ወዳለበት ወረወረው። መርማሪዋን ከደሙ ይልቅ ልጣጩ አስጸየፋት።

ሰፈሩ በአንድ ቃል ፈርዷል፦ ገዳዩ መካኒኩ ነው። መኪናዋን ጠግኖ የመለሰው በዋዜማው ማታ ነበር። የመኪና በሽታ በመስማት ስለሚያውቅ «ጆሮ» ይሉታል። በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ እስር ቤት ሄዳ አነጋገረችው።

«ፍሬኑን ነክተሃል?»

«አልነካሁም። የታዘዝኩት ካርቡራተር እንዳጥብና ሚኒሞ እንዳስተካክል ነው። ማለቴ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ እንዳትንቀጠቀጥ።»

«ደህና አድርገህ ለመመለስህ ምን ማስረጃ አለህ?»

«ሞተሩን አስነሥቼ፣ ጢም ያለ የውሃ ብርጭቆ ኮፈኑ ላይ አስቀምጣለሁ። ጠብ ካለ ቁልፍ አላስረክብም። የሟቹን ሚስት ጠይቂ፤ ብርጭቆውን ያመጡት እሳቸው ናቸው።» ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሳስበው... እንጃ እህቴ፣ የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆናል።»

የሟቹ ሚስት በቤታቸው የብርጭቆውን ጥያቄ ሲሰሙ ተቆጡ። «አልፈሰሰም፤ እና ምን ይሁን? ባሌን ከመግደል አዳነው?»

«ጠዋት መኪናዋ ስትነሣስ?»

«እንደ ወባ በሽተኛ ትንዘፈዘፍ ነበር! ባሌ ሊተዋት ሲል አማቼ ነው፣ ‹ካርቡራተሩ ገና አልጠራም አባባ፣ መንገድ ላይ ይጠራል› ያለው።»

«አማችዎ በዚያ ጠዋት እዚህ ምን ይሠራ ነበር?»

«ማታ ለእርቅ መጥቶ፣ መሽቶበት አደረ።»

«ሟቹስ ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጅቱ በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች።

«እኔን ከባሌ ቤት ሊያወጣኝ» አለች። «ማታ ለባሌም ነግሮታል። ‹ይቅርታህን ሰምቻለሁ፤ ልጄን ግን ነገ አመጣታለሁ› ብሎታል።»

አማቹ ለምርመራ ሲቀርብ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉር ነበር።

«እኔ ከማሽከርከር ሌላ ስለ መኪና አላውቅም። ምስኪን አባባ! በዚያ በደከመ እግራቸው፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሲሆንባቸው ምን አቅም አላቸው? ሚስቴን ግን አታስጨንቋት፤ ልጅ ናት፣ አፏ ያመጣላትን ነው የምትናገረው።»

ሲወጣ መርማሪዋን ጨበጣት። እሷም እጇን ሁለቴ ታጠበች።

በማግስቱ ሁሉንም ወደ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ጠራች። ጆሮም እጁ በካቴና እንደታሰረ መጣ። ግራ ጎኗ ከመጨርመቱ በቀር መኪናዋ ትነሣለች። መርማሪዋ አስነሣቻት። ኮፈኑ ተንገጫገጨ፤ ነዳጅ ስትሰጣት ግን ጸጥ አለች። እግሯን ስታነሣ እንደገና ተንዘፈዘፈች።

«ካርቡራተር ነዋ!» አለ አማቹ። «አልጠራም ብያለሁ እኮ!»

«ስለ መኪና አላውቅም ያሉት እርስዎ አልነበሩም?» መርማሪዋ ከሞተሩ የሚወጣ አንድ የጎማ ቱቦ በፒንሳ ጨመቀች። ሞተሩ ወዲያው ረጋ። «ካርቡራተሩ ንጹሕ ነው። ይህ ቱቦ የሞተሩን መሳብ ወደ ፍሬኑ ያደርሳል፤ እግርን የሚያግዘው እሱ ነው። ማሰሪያው ሥር በስለት ተቆርጧል። ሞተሩ በቀዳዳው አየር ስለሚስብ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ሲረገጥ አይታወቅም።»

«ይሄ ሰውዬ ቆርጦት ይሆናላ!» አማቹ በጆሮ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ቆርጦት ቢሆን ብርጭቆው ማታውኑ በፈሰሰ ነበር። ስለዚህ የተቆረጠው ከርክክቡ በኋላ፣ በሩ በተቆለፈ ግቢ ውስጥ ነው። በግቢው ያደሩት ሦስት ናችሁ፦ ሟቹ፣ ባለቤታቸውና እርስዎ።»

«አሮጊቷስ?»

«ፍሬን ተበላሸ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ፔዳሉ ባዶ ሆኖ መስመጡን ነው። እሳቸውንም ጠይቄ እንደዚያው ነው ያሉኝ። ይህ ቱቦ ሲቆረጥ ግን ፔዳሉ አይሰምጥም፤ ይደርቃል። ከአደጋው ወዲህ የረገጥኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ሟቹ። ድንጋይ መሆኑን ማን ነገረህ?» አንቱታውን እንደ ቆሻሻ ጣለችው።

አማቹ ላቡን ጠረገ። «ላስፈራራው ብዬ ነው እንጂ... ትዳር ሲያፈርስብኝ ዝም ልበል? አንቺ፣ ንገሪያቸው እንጂ! ስወድሽ አይደል?»

ልጅቱ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰበሰበች። ክንዷ ከላይ እስከ ታች በልዟል። አንዱ ፖሊስ ፊቱን አዞረ።

«ውሰዱልኝ» አለች መርማሪዋ።

ካቴናው ከጆሮ እጅ ወልቆ በአማቹ እጅ ገባ። ጆሮ አንጓውን እያሻሸ ወደ ሞተሩ ተጠግቶ የተቆረጠውን ቱቦ አየ፤ በጣቱም ዳሰሰው። ሚስትየው ከኋላው መጡ።

«ልጄ፣ በአደባባይ ነፍሰ ገዳይ አልኩህ። ይቅር በለኝ።»

«ማዘር፣ ትናንት ማታ እኔም ራሴን ነፍሰ ገዳይ ብዬው ነበር» አለ ጆሮ፣ ዓይኑን ከቱቦው ሳይነቅል። «መጀመሪያ ከራሴ ልታረቅ። ዛሬ ይለፉኝ።»